ፍላሽ አልቀበልም ያለችው የጋሽ ደበላ ላፕቶፕ

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት ስንዴው ታጭዶ ካለቀ በኋላ፣ አሰላ በአቧራ በምትታፈንበት ሰሞን ነው። ትንሽ ነገር ናት፤ ግን ብቻዬን ሆኜ ባስታወስኳት ቁጥር ያስቀኛል።

ጎረቤታችን ጋሽ ደበላ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ አስተማሪ ናቸው። ከደብተር ብዙም የማትበልጥ አሮጌ ላፕቶፕ አለቻቸው። ማብሪያዋን ተጭነው ጓሮ ይወጣሉ፣ ጎመናቸውን ውሃ አጠጥተው ሲመለሱም ገና እየተከፈተች ነው። ኮምፒውተር ሳይንስ መማሬን ስለሚያውቁ አንድ ቀን «ኢንተላ ኮ፣ እስቲ እያት» አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው።

እኔ ሰው ፊት መናገር ይከብደኛል፤ እምቢ ማለት ደግሞ ከዚያም ይብስብኛል። ወስጄ ፋይላቸውን ሁሉ ገልብጬ ካስቀመጥኩ በኋላ ሊኑክስ የሚባል ቀለል ያለ ሲስተም ጫንኩላት። ፍላሹንም ማውሱንም እየሰካሁ ሞከርኩ፤ ሁሉም ሠራ። ስመልስላቸው ወዲያው ተከፈተች። ጋሽ ደበላ ደስታቸውን አልቻሉትም፤ ለሰፈሩ ሁሉ «የኛ ኢንጂነር» እያሉ አወሩልኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ዓርብ ተጠራሁ።

«ፍላሽ አልቀበልም አለች» አሉኝ። በማግስቱ የድሮ ተማሪዎቻቸው ከጢቾና ከሮቤ ሊጠይቋቸው ይመጣሉ። የትምህርት ቤት ፎቶዎቻቸውን በፍላሽ አስቀድመው ልከዋል። ጋሽ ደበላ ወንበር ከዕድር አስመጥተው፣ ላፕቶፗን ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኝተው ሊያሳዩዋቸው ተዘጋጅተዋል።

ፍላሹን ሰካሁት፤ ጠበቅ ብሎ ገባ፣ ግን ዝም። ማውሱን ሰካሁት፤ መብራቱ እንኳ አልበራም። በሌላኛው ጎን ሞከርኩ፤ ያው ነው። የተሰካውን ሁሉ የሚዘረዝረውን ትእዛዝ ጻፍኩ፤ ፍላሽም ማውስም የሚባል ነገር አላየም። ያው ፍላሽ በእኔ ላፕቶፕ ላይ ወዲያው ተከፈተ።

እንግዲህ ጥፋቱ የጫንኩት ሊኑክስ ነው ብዬ ኢንተርኔት ላይ ያገኘሁትን ምክር ሁሉ ሞከርኩ። ኃይል ቆጣቢውን አጠፋሁ፣ ሲስተሙን አደስኩ፣ ደጋግሜ ዘግቼ ከፈትኩ። በመጨረሻ ሊኑክሱን የጫንኩበትን ፍላሽ ሰክቼ ከእሱ እንድትነሳ ሞከርኩ። እሱንም አላወቀችውም። ሲስተሙ ገና ሳይነሳም ካላየችው ችግሩ ከሊኑክስ አይደለም፤ መሰኪያዎቹ ተቃጥለዋል ማለት ነው። እንዴት እንዳቃጠልኳቸው አላውቅም፤ ግን የነካት ሌላ ሰው የለም። ፎቶውን በእኔ ላፕቶፕ ማሳየት ይቻል ነበር። የጨነቀኝ ያመኑኝን ሰው ዕቃ ማበላሸቴን እንዴት እንደምነግራቸው ነው።

ጋሽ ደበላ ለነገው ለስላሳ ሊያዙ ወጥተዋል። ባለቤታቸው እትዬ ብርሃኔ አጠገቤ ተቀምጠው ዳንቴል ይሠራሉ። እዚያ ቤት ያልለበሰ ዕቃ የለም። ቴሌቪዥኑ፣ ሬዲዮው፣ ሪሞቱ ሳይቀር የየራሱ ዳንቴል አለው።

የስልኬን መብራት አብርቼ ወደ ቀዳዳው ሳጮልቅ ቀና አሉ።

«ምን ጠፋብሽ የኔ ልጅ?»

«ምንም እትዬ፣ ቀዳዳውን ልየው ብዬ ነው።»

«እሱንማ ደፍኜዋለሁ።»

«በምን?»

«በክር ነዋ! አቧራው እየገባባት ዝም ልበል? ጥቁሩን የመረጥኩት ከመልኳ ጋር እንዲሄድ ነው። አያምርም?»

መርፌ ተቀብዬ በቀስታ ሳብኩት። ድብልብል ያለ ጥቁር ክር ወጣ። ከሌሎቹም እንዲሁ። ፍላሹ ሲገባ ጠበቅ ያለኝ ለካ በዚህ ነው! መልሼ ስሰካው ጎፈሬያቸውን ያበጠሩ ተማሪዎች ስክሪኑን ሞሉት።

እትዬ ብርሃኔ ፎቶውን አዩ፣ መዳፌ ላይ ያለውን ክር አዩ። ገባቸው። በዚያው ቅጽበት ጋሽ ደበላ የግቢውን በር አንኳኩ።

«አደራሽን» አሉ በሹክሹክታ፤ «ነገ በእንግዶቹ ፊት መሳቂያ ነው የሚያደርገኝ!»

ክሩን ጨበጥኩት። ጋሽ ደበላ ገብተው ፎቶውን ሲያዩ አጨበጨቡ።

«የኛ ኢንጂነር! ምን ሆና ነበር?»

መዋሸት አልችልበትም። ትንሽ አሰብኩና «ከአቧራ ጋር የተያያዘ ነገር ነው» አልኳቸው።

እትዬ ብርሃኔ ወዲያው ቀና አሉ። «አላልኩህም? አቧራው ያበላሻታል፣ አትክፈታት አላልኩም? መቼ ትሰማኛለህ!»

«እሺ፣ ተረታሁ» አሉ ጋሽ ደበላ።

እኔ ሳቄን ለመዋጥ ያልሆንኩት የለም።

እንግዶቹ በመጡ ማግስት እትዬ ብርሃኔ ሜትር ይዘው እኛ ቤት መጡ። «ላፕቶፕሽን አምጪው፣ ልለካው» አሉኝ። እንደተለመደው እምቢ አላልኩም። የለመንኳቸው ቀዳዳዎቹን እንዲተዉልኝ ብቻ ነው።

ዛሬ ላፕቶፔ ሰማያዊ ዳንቴል ለብሶ ነው ሥራ የሚገባው። ከቦርሳዬ ሳወጣው ቢሮው ሁሉ ዞር ይላል። መጀመሪያ ሰሞን አፍሬ ጠረጴዛ ሥር አወልቀው ነበር። አሁን ግን ማን እንደሠራው እስኪጠይቁኝ እጠብቃለሁ፤ ሲጠይቁኝ ደግሞ፣ እኔ ሰው ፊት መናገር የሚከብደኝ፣ ታሪኩን ከመጀመሪያው እጀምርላቸዋለሁ።