ውኃ መሐል የቀረው ሰው

አባቴ መጽሐፍ ሲነበብላቸው ዝም ብለው የሚሰሙ ሰው አልነበሩም። ይከራከራሉ። ከመጽሐፉ ጋር፣ ከጸሐፊው ጋር፣ አንዳንዴም ከአንባቢዋ ከእኔ ጋር።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። ቤታችን ከፍኖተ ሰላም ወደ ጅጋ ሲሄዱ ከመንገዱ ትንሽ ገባ ብሎ ነበር። አባቴ የቅኔ መምህር ስለነበሩ አገሩ ሁሉ የኔታ ይላቸዋል። ዓይናቸው ጠፍቶ ጉልበታቸው ሲደክም ተማሪዎቹ ወደ ሌላ ጉባኤ ሄዱ፤ እኔ ደግሞ ከባሌ ተፋትቼ ተመልሼ ስለነበር ቤቱ ለሁለታችን ቀረ።

ማንበብ ማንም አላስተማረኝም። ልጆቹ ፊደል ሲቆጥሩ እኔ ጓሮ ጎመን እየቀነጠስኩ አብሬ እል ነበር። ድምፁን በጆሮዬ ያዝኩት፣ መልኩን በኋላ ቀስ እያልኩ ከመጽሐፍ ፈለግሁት። አባቴ ያወቁብኝ፣ ዓይናቸው እየደከመ በነበረበት ወራት ዳዊት ሲደግሙ፣ «አባዬ፣ አንድ መስመር ዘለሉ» ስላቸው ነው። ዳዊቱን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። «እንግዲያ ነይና አንቺ ያዥው» አሉኝ።

ፍኖተ ሰላም ያስተምር የነበረ አንድ መምህር አባቴ ዘንድ ቅኔ ሊሰማ ይመላለስ ነበር። ወደ ሌላ አገር ሲዛወር፣ ለመኪና ከበደኝ ብሎ አንድ ሣጥን መጽሐፍ እኛ ቤት አስቀመጠ። መጥቶም አልወሰደው። ሣጥኑ ከጓዳው መሬት ላይ እንደተቀመጠ ከረመ። በኋላ ነው እኔ የከፈትኩት።

ከሰዓት በኋላ ከደጃችን ግድግዳ ሥር ቁርበት አነጥፍላቸዋለሁ። አክስቴ፣ የአባቴ እህት፣ ጥጧን ይዛ ትመጣለች። ጎረቤታችን አያ፣ ሽምግልና የጀመረው ገበሬ፣ በሬዎቹን ፈትቶ ይመጣል። ሣጥኑ ውስጥ ያልነበረ ዓይነት መጽሐፍ የለም። ስለ ንብ እርባታ የሚያስተምረውን ባነበብኩ ቀን አያ አገጩን እያሻሸ ሰማና፣

«ደግ መጽሐፍ ነው» አለ። «ችግሩ ንቦቹ አላነበቡትም።»

የሕጉን መጽሐፍ ግን ቆሞ ነበር የሚሰማ። በርስት ምክንያት ከሚስቱ ወንድም ጋር ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት ሲንከራተት የኖረ ሰው ነው። አንድ ቀን መሐል ላይ አቋረጠኝ።

«ይሄስ ክፉ መጽሐፍ ነው፣ የኔታ!»

«ምን አደረገህ?»

«ቅድም ለእኔ ፈረደልኝ። አሁን ደግሞ ለዚያ ሰውዬ ፈረደለት!»

«እንግዲያማ ሕግ ነው» አሉ አባቴ።

ስለ ጤና የሚናገረው መጽሐፍ ላይ ማንም አልቀለደም። የዓይንን በሽታ ዝንብ ታስተላልፋለች፣ ፊትን መታጠብ ያድናል ይላል። አክስቴ እንዝርቷን አቁማ የወንድሟን ፊት ስታይ ቆየች። «ይሄ መጽሐፍ ዘገየ» አለች። እንዝርቷን መልሳ አሾረች።

ልብ ወለዱን ያወጣሁት በመጨረሻ ነው። አባቴ ገና ሳልጀምር ጠየቁ።

«የሆነ ነገር ነው ወይስ ያልሆነ?»

«ያልሆነ ነው አባዬ።»

«ያልሆነን ነገር ብራና ላይ መጻፍ!»

«ብራና አይደለም፣ ወረቀት ነው።»

«እሱስ ይሻላል» ብለው ፊታቸውን አዞሩ፤ እኔም ለእነ አክስቴ ጀመርኩላቸው። በማግሥቱ ግን ወደ ሕጉ መጽሐፍ ልመለስ ስል፣ «ያች ልጅ እንዴት ሆነች?» አሉኝ።

ታሪኩ የአንዲት ልጃገረድና የአንድ ነጋዴ ነው። ይዋደዳሉ፤ እሱ ለንግድ ከዓባይ ማዶ ሳለ ቤተሰቦቿ ለሌላ ሊድሯት ይነሣሉ። አንድ ቦታ ላይ ልጅቱ ደጅ ወጥታ መንገዱን ታያለች። ጸሐፊው «መንገዱ ባዶ ነበር» ብሎ ነው ያለፈው። ምላሴ አልታዘዝ አለኝና «መንገዱ እንደ ታጠበ ገበታ ባዶ ነበር» ብዬ አነበብኩ። የአባቴ መቋሚያ መሬቱን ጠቅ አደረገ።

«የታጠበው ገበታ የማን ነው?»

«የእኔ ነው አባዬ።»

«መልሺና አንብቢ። አንባቢ ተሸካሚ ነው፤ የተሰጠውን ያደርሳል እንጂ መንገድ ላይ ፈትቶ አይጨምርበትም።»

መልሼ አነበብኩ። ከዚያ ወዲያ አንዲት ቃል ጨምሬ አላውቅም።

ነጋዴው የሠርጉን ወሬ ሰምቶ ሲገሰግስ ዓባይ ሞልቶ ጠበቀው። ልብሱን በራሱ ላይ ጠመጠመ፣ ዱላውን ይዞ ገባ። ውኃው ጉልበቱን አለፈ። ወገቡ ላይ ደረሰ። ገጹን ስገልጥ የቀረውን ምስጥ በልቶታል። የመጽሐፉ ጀርባ በእጄ ላይ እንደ ዱቄት ረገፈ።

«ምን ይላል?» አሉ አባቴ።

«የለም አባዬ። ምስጥ ጨርሶታል።»

«ወገቡ ላይ እንደደረሰ?»

«ወገቡ ላይ እንደደረሰ።»

አያ ሊቀልድ አፉን ከፈተና አክስቴ በዓይኗ መለሰችው። አባቴ በተማሪነታቸው ከዓባይ ማዶ ሳሉ እናታቸው በጠና ታመሙ ተብሎ ተልኮባቸው ነበር። ወንዙ ዳር ደረሱ፤ ክረምት ነበር፤ ወደ ጉባኤያቸው ተመለሱ። ውኃው ጎድሎ ሲሻገሩ ያገኙት መቃብር ነው። ይህን ከአክስቴ ነው የሰማሁት፤ ከእሳቸው አፍ ሰምቼ አላውቅም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ነገር ብቻ ሆነ የሚጠይቁኝ፤ ሰውየው ተሻገረ ወይስ አልተሻገረም። ፍኖተ ሰላም ገበያ በወጣሁ ቁጥር የሚያነብ ሰው እያደንኩ እጠይቃለሁ። አንድ የፍርድ ቤት ጸሐፊ፣ «እንዴታ፣ ተሻግሮ አገባት! ምን የመሰለ ሠርግ አለው!» አለኝ። ራሱ ያን ሰሞን ሊያገባ ሽር ጉድ ላይ ነበር። ቡሬ በርበሬ ልገዛ ስሄድ አንዲት ባለ ሱቅ ሴት አገኘሁ። «ሰጠመ እኮ እህቴ፣ አልቅሼ ነው የጨረስኩት» አለችኝ። ጥቁር ለብሳለች።

ሁለቱን ለአባቴ ነገርኳቸው። «ሁለቱም የራሳቸውን ነው ያነበቡት» አሉ።

በመጨረሻ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር መጽሐፉን ከአዲስ አበባ ሊያመጣልኝ ቃል ገባ። «ስመለስ በእጅሽ ነው፣ እታለም» ብሎኝ ሄደ። ክረምቱ ገባ። መንገዱ ጭቃ ሆነ፣ መኪናው ቀረ፣ አባቴ ታመው ተኙ። ሳላቸው ጋብ ሲል «መኪና አልመጣም?» ይላሉ፤ አልመጣም እላለሁ።

ፍልሰታ ውስጥ አንድ ከሰዓት ዝናቡ ጋብ ሲል ቀና አድርጊኝ አሉ። ትራስ ደገፍኩላቸው።

«መጽሐፉን አምጪው» አሉ።

«አልቋል እኮ አባዬ።»

«አምጪው። ካቆምሽበት ቀጥይ።»

አመጣሁት። ያን ውኃው ወገቡ ላይ የደረሰበትን መስመር አነበብኩና መጽሐፉን ጉልበቴ ላይ አሳረፍኩ።

«ቀጥይ እንጂ።»

«የተጻፈ የለም።»

«የተጻፈ እንደሌለማ አውቃለሁ። ሰውየውን ውኃ መሐል ትተሽው ትሄጃለሽ?» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «ያች የታጠበችው ገበታ ደግ ነበረች። ያን ጊዜ አልነገርኩሽም።»

ገባኝ። አልገባኝም ብል ውሸት ነው። መጨረሻውም ነበረኝ፤ ቀኑን ሙሉ ስፈጭም፣ ውኃ ስቀዳም ስሠራው የከረምኩት ነው። ግን ያን ሁሉ ዘመን በመቋሚያቸው ያሰሩብኝን ሕግ በአንድ ከሰዓት መፍታት አቃተኝ። የታመመን ሰው መሸንገል፣ መምህርን መዳፈር መሰለኝ።

«ያልተጻፈ አላነብም አባዬ» አልኩ። «እርስዎ ነዎት ያስተማሩኝ።»

ሣቅ የመሰለ ነገር በፊታቸው ላይ አለፈ። «እውነትሽን ነው» አሉ። «ደግ አንባቢ ሆነሻል።» ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞረው ተኙ። ፍልሰታ ሳይፈታ አረፉ።

ሾፌሩ ቃሉን አልበላም። መስቀል አልፎ መንገዱ ሲደርቅ መጽሐፉን ይዞልኝ መጣ። ለአክስቴና ለአያ ከዚያው ግድግዳ ሥር አነበብኩላቸው። ነጋዴው ውኃው ወገቡ ላይ ሲደርስ ይፈራል፤ ይመለሳል፤ በዚያው ማዶ ሌላ አግብቶ ይከብራል። ጸሐፊው አስተዋይ ሰው ነበር ይለዋል።

«ወንድሜ እንኳን ይህን አልሰማ» አለች አክስቴ።

አያ ተናደደ። «ጸሐፊው ወንዝ አያውቅም! እስከ ወገቡ የገባ ሰው ለመመለሱስ ያው ውኃ አይደለም እንዴ?»

እነሱ ሊያጽናኑኝ ነው። እኔ ግን አባቴ የተጻፈውን መስማት ሳይሆን የእኔን መስማት እንደፈለጉ ያን የፍልሰታ ቀንም አውቄ ነበር። የእኔ ሰውዬ ይሻገራል። ዱላው መሐል ላይ ይወሰድበታል፣ አንድ የሾላ ሥር ይይዛል፣ እየተንቀጠቀጠ ዳገቱን ይወጣል፤ ቤት ሲደርስም የሚጠብቀው ሰው በሕይወት አለ። ይህን ለልጆችም፣ ለጎረቤትም ስንት ጊዜ ተርኬዋለሁ። ሰሚው ሁሉ ይወደዋል። በተረክሁት ቁጥር ግን ውኃው ወገቡ ላይ ሲደርስ ድምፄ ይቆማል፤ መሬቱን ጠቅ የሚያደርግ መቋሚያ እጠብቃለሁ።