የማይከፈተው ቡሎን

ዋርሳዬ፣ የባለቤቴ ታላቅ ወንድም፣ ጡረታ ከወጡ በኋላ ማግኔት መሸጥ ጀመሩ። ጫፉ ላይ ማግኔት የተተከለበት ቡሎን ነው። ከመኪናው ሥር፣ ዘይት በሚፈስበት ቀዳዳ ይገባል። ሞተሩና ካምቢዮው ውስጥ ብረት ከብረት ሲፋተግ የሚረግፈውን ብናኝ ይዞ ያስቀራል። ዕቃው መልካም ነው። በዕቃው ላይ ቂም የለኝም።

ክፉው ስብከቱ ነበር። ሠርግ ቤት ይሸጣሉ፣ ለቅሶ ቤት ይሸጣሉ፣ ምኩራብ ደጃፍ ይሸጣሉ። ቡሎኑን ከኪሳቸው አውጥተው ምስማር ያስይዙታል፤ ምስማሩ ጥብቅ ሲል ሽማግሌዎቹ አፋቸውን ይይዛሉ፤ በዕድሜያቸው ማግኔት አይተው የማያውቁ ይመስል።

"እኛ የቀጥቃጭ ዘር ነን፤ ብረት ያውቀናል" ይላሉ።

ቀጥቃጭ የነበረው የእኔ አባት ነው። የእሳቸው አባት ሸማኔ ነበሩ። ይህን በሰው ፊት አንስቼባቸው አላውቅም።

የባሰው ማኅተሙ ነው። ቡሎኑን ካምቢዮው ላይ አጥብቀው ሲጨርሱ ዙሪያውን በቀይ ቀለም ያትሙታል። ከዚያ ወዲያ አይከፈትም፤ ከተከፈተ ኃይሉ ይሄዳል ይላሉ። ይህ ነገር ከየት እንደመጣ የአገራችን ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ክታብ ነው። ክታብ በቆዳ ተሰፍቶ አንገት ላይ ይታሰራል፤ ፈትቶ ውስጡን ያየ አበላሸው ይባላል። ከጎንደር ልናመጣው ሲገባን መንገድ ላይ የቀረ ስንት ነገር አለ። ይህኛው ግን ባሕር ተሻግሮ እዚህ እስራኤል መኪና ሥር ገባ። የከተማችን የክርያት ያም ሽማግሌዎችም ደስ ብሏቸው አሳተሙ። መካኒክ የካምቢዮውን ዘይት ልቀይር ሲላቸው፣ ማግኔት አለው፣ ዘይቱ ንጹሕ ነው፣ አትንካው ይሉታል።

የእኛን መኪና ያተሙት በስጦታ ነው። የወንድም ስጦታ አይመለስም፤ ተቀበልኩ።

ያ መኪና ለእኔ ጌጥ አይደለም። የባለቤቴ ኩላሊት ደክሟል። ደሙ የሚታጠበው ቀርሜሎስ ተራራ ላይ ባለው ሆስፒታል ነው። በሽተኛ የሚያመላልስ መኪና ይላክልን ነበር፤ ነገር ግን ሌሎቹን በየሰፈሩ እየዞረ ሲያራግፍ፣ ባለቤቴ ቤት የሚደርሰው ጨርቅ ሆኖ ነው። ስለዚህ እኔ እወስደዋለሁ። ጠዋት ጎረቤት ከተማ ክርያት ሞጽኪን አንዲት አሮጊት አጥቤና አብልቼ እመለሳለሁ፤ ከዚያ ባለቤቴን ይዤ ተራራውን እወጣለሁ። ሥራ የሰጠኝ፣ መንዳት ያስተማረኝ፣ ባሌንም ያቆየልኝ አምላክ ይመስገን።

ፋሲካ እንዳለፈ ካምቢዮው ዳገቱ ላይ ማላዘን ጀመረ። ያደግሁት መዶሻ ሲመታ እየሰማሁ ነው። አባቴ የብረቱ ድምፅ ከተለወጠበት መዶሻውን አስቀምጦ ያያል፤ ሳያይ አይመታም። ለዋርሳዬ ነገርኳቸው። መጡ፤ ሞተሩን አስነሥተው ጆሯቸውን ሰጡት፤ ፈገግ አሉ። ማግኔቱ ሲስብ ነው፣ መሥራቱን በዚህ እወቂ አሉኝ።

ልጄ ወታደር ናት፤ ዓርብ ስለነበር ለሰንበት ቤት መጥታለች።

"ዶድ፣ ማግኔት ሲስብ የሚያላዝን ከሆነ፣ ፍሪጁ ላይ የለጠፍናቸው ለምን ዝም አሉ?" አለቻቸው። "ወይስ የእነሱ ማኅተም ተከፍቶባቸዋል?"

አጎቷን በዕብራይስጥ ዶድ፣ አንተ እያለች ነው የምታናግራቸው። ሁልጊዜ እቆጣታለሁ። ያን ቀን አልተቆጣኋትም።

እናስከፍተው ስል ባለቤቴ እንቢ አለ። ታላቄ ነው፣ ማኅተሙን አትንኪበት አለኝ። ታላቁን ላለማሳፈር ብሎ ሕይወቱን ዳገት ላይ የሚጥል ሰው ነው ያገባሁት። እሺ አልኩ። በሚቀጥለው ጉዞ ዳገቱ መሐል ማርሹ በራሱ ዘሎ ወጣ። መኪናው ወደ ኋላ ሸተት ሲል ከኋላችን አውቶቡስ ነበር። ፍሬኑን ያዝኩ፤ እኛን ደግሞ አምላክ ያዘን። ባለቤቴ እጁን መስኮቱ ላይ አድርጎ ጸለየ። እንደምንም አደረስኩት፤ መለስኩትም።

በማግሥቱ ማንንም ሳልጠይቅ ሙሳክ፣ መኪና የሚጠገንበት ጋራዥ፣ ሄድኩ። መካኒኩ ቀዩን ቀለም አይቶ ሳቀ። እንዲህ የታተመ ብዙ መኪና እንደመጣለት፣ የረቢዎች የኮሸር ማኅተም መስሎት ሳይነካ ይመልሳቸው እንደነበር ነገረኝ። ክፈተው አልኩት። ቡሎኑ ሲወጣ የብረት ብናኝ ጢም አብቅሏል። ጢሙን በጨርቅ ሲጠርገው ከመሐሉ የተሰበረ የማርሽ ጥርስ ወጣ። ግራጫው ጭቃ የብረት እርጅና ነው፣ ክፉ አይደለም አለኝ። ስንጥሩና ስባሪው ግን ማስጠንቀቂያ ነው፤ ቡሎኑ በየጊዜው ወጥቶ ቢታይ ኖሮ ጥርሱ ሳይሰበር ስንጥሩ ይናገር ነበር። አሁን ካምቢዮው መውረድ አለበት፤ መኪናው ሙሳክ ያድራል። የባለቤቴ ተራ ደግሞ ነገ ነው።

ለዋርሳዬ ደወልኩ። ባለቤቴን በመኪናቸው ይዘውት መጡ። ስባሪውን መዳፌ ላይ አሳየኋቸው።

"አየሽ፣ ያዘልሽ" አሉኝ።

"ይዞስ ነበር ጋሼ። የሚያየው አጣ እንጂ።"

ስባሪውን ከመዳፌ አንስተው ገለባበጡት። ከዚያ ደረታቸውን ነፍተው፣ ቤሰደር፣ እሺ፣ ወንድሜን ነገ እኔ አወጣዋለሁ አሉ። መኪናቸው በር ላይ ቆሟል፤ ከሥሩ ቀዩ ቀለም አለ።

"ባሌ በታተመ መኪና ተራራ አይወጣም" አልኳቸው።

ከተከፈተ ኃይሉ ይሄዳል፣ ታውቂያለሽ አሉኝ። ይሂድ አልኩ። ባለቤቴ መሬት መሬት ያያል። ስንቱ ሽማግሌ በእኔ ቃል አትሟል፣ እኔው ከከፈትኩት ምን እባላለሁ ብለው ተሟገቱኝ። የሚባሉትን እኔም አውቀዋለሁ።

"ጠባቂ አንድ ነው ጋሼ" አልኳቸው በመጨረሻ። "ማግኔት ጠባቂ አይደለም። ማግኔት ይጠረጋል።"

ወንድማቸውን አዩት። መርፌ የሚገባበት ክንዱ በፋሻ እንደተጠቀለለ ነው። ብዙ አዩት። ከዚያ ቁልፋቸውን ለመካኒኩ ሰጡት።

ቡሎኑ ሲፈታ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ስለ ብረት ሲሰብኩ የኖሩት ሰው አንዲት ቡሎን ማየት አቃታቸው።

"ምን አለ?" አሉኝ ሳይዞሩ።

ሳልነግራቸው ላቆያቸው እችል ነበር። ግን ባለቤቴም እየጠበቀ ነው።

"ጭቃ ብቻ ነው። ስንጥርም የለው። ይመስገን።"

"ማግኔቱ ነዋ" አሉና ዞሩ።

ጨርቁን ሰጠኋቸው። ተቀብለው ጠረጉት።

በማግሥቱ ወንድማቸውን አወጡት፤ የእኛ መኪና እስኪሠራም ያወጡት እሳቸው ነበሩ። ባለቤቴ አንድም ቀን አላረፈደም። ለዚህ አመሰግናቸዋለሁ፤ ከልቤ ነው። ዛሬም ሠርግ ቤትና ለቅሶ ቤት ይሸጣሉ። ቀለሙን ትተዋል። በየጊዜው አውጥታችሁ ጥረጉት፣ ያልተጠረገ ማግኔት ከንቱ ነው እያሉ ያስተምራሉ፤ ይህንንም የቀጥቃጭ ዘር ስለሆንኩ ነው የማውቀው ይላሉ።