ደህና ነው ያሉኝ ቀን

ከዚህ በፊት ጽፌ አላውቅም። ከስድስተኛ ክፍል ትምህርት ካቆምሁ ወዲህ እስክሪብቶ የያዝሁት ለፊርማ ብቻ ነው። ይህን ግን በአፌ መናገር ስላቃተኝ ልጻፈው አልሁ።

ግሽ አባይ ሰፈር በአንድ አጥር ተለያይተን ያደግን አንድ ጓደኛ ነበረኝ። ትምህርት ቤትም አንድ ዴስክ ላይ ነበር የምንቀመጥ። አስተማሪ ሲጠይቀኝ መልሱን እያወቅሁት ምላሴ ይታሰራል። እሱ ታዲያ እጁን አውጥቶ፣ ስትነግረኝ ሰምቻለሁ ይልና የእኔን መልስ ይናገርልኛል። አንዳንዴ ያላልሁትን ስሕተት በስሜ ተናግሮ ክፍሉን ያስቅብኝ ነበር። ወደ ቤት ስንመለስ ደግሞ፣ «ድምፅሽን ለማን ሠርግ እያስቀመጥሽው ነው?» እያለ ይተርበኛል።

ካደግን በኋላ እሱ ጎርጎራ ሄዶ ጀልባ ላይ ሥራ ያዘ። አባቱ ሲሞቱ እናቱ ቤቱን ለቀው ወደ ትውልድ አገራቸው ወደ መሸንቲ ገቡ። እኔ እዚሁ ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር ዓሣ እየበለትሁ እሸጣለሁ። መጀመሪያ ላይ ይደውልልኝ ነበር። ስልክም ላይ ዝም ስለምል ብቻውን አውርቶ አውርቶ ይስቅና ይዘጋዋል። ኋላ መደወሉ ቀረ። እኔም ለመደወል አፈርሁ።

ክረምቱ ሲወጣ እናቱን ባሕር ዳር ለገበያ መጥተው አገኘኋቸው። ባላቸው ከሞቱ ጀምሮ ጥቁር አውልቀው ስለማያውቁ ልብሳቸው ምንም አልነገረኝም። ጉንጫቸውን ስሜ፣ እንደ ደንቡ ቤተሰቡን በየተራ ጠየቅሁ፤ ሴት ልጃቸውን፣ የልጅ ልጃቸውን፣ ጎረቤቱን ሳይቀር። በመጨረሻ እሱን ጠየቅሁ።

«ደህና ነው፤ እግዚአብሔር ይመስገን» አሉኝ።

የዚያን ዕለት ምን እንደ ነካኝ እንጃ፣ ምላሴ ተፈታ። ጠፍተሃል በሉት፣ ሲመጣ ሳያየኝ እንዳይሄድ አልኋቸው። እሺ ብለው ነጠላቸውን ሳብ አድርገው ሄዱ።

ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ ከጎርጎራ ዓሣ ያመጣ ባለ ጀልባ አገኘሁና ለጓደኛዬ ሰላምታ እንዲያደርስልኝ ለመንሁት። ሰውዬው መረቡን መጠቅለሉን ትቶ አየኝ። ከዚያ ቀስ ብሎ ነገረኝ፤ ታሞ ሳምንት እንኳ ሳይቆይ አረፈ፣ አስከሬኑም መሸንቲ ሄዶ ተቀበረ፣ አርባውም ካለፈ ሰነበተ። ቀኑን በጣቴ ቆጠርሁ። ደግሜም ቆጠርሁ። እናቱን ገበያ ሳገኛቸው ልጃቸውን ከቀበሩ ወር አልፏቸው ነበር።

ከዚያ በኋላ እንቅልፍ አጣሁ። ያዘነች እናት ፊት ቆሜ፣ ሲመጣ ንገሩት እያልሁ ስስቅ ነበር። ምን ብለውኝ ይሆን? አብራኝ የምትሠራው ሴት፣ ለቅሶ መቅረት ነውር ስለሆነ ዘግይቼም ቢሆን መሄድ እንዳለብኝ ነገረችኝ። ደጃፋቸው ስደርስ ጀምሮ ድምፄን ከፍ አድርጌ እንዳለቅስ፣ አለዚያ አላዘነችም እንደምባል አስጠነቀቀችኝ። «ግን አንቺ ደንበኛ እንኳ በሹክሹክታ ነው የምትጠሪ» ብላ ጭንቄን ጨመረችው።

ሚኒባሱ ውስጥ እንዴት እንደምጀምር ስለማመድ መሸንቲ ደረስሁ። ብጮኽ የደረቀ ቁስላቸውን እነካለሁ፤ ዝም ብል ያው የገበያዋ ልጅ ልሆን ነው። ከደጃፉ ቆምሁ። አፌን ከፈትሁ፤ ድምፅ አልወጣኝም። ምን ያህል እንደ ቆምሁ አላውቅም፤ እሳቸው ራሳቸው አይተውኝ መጡና እጄን ይዘው አስገቡኝ።

መደብ ላይ ተቀመጥን። እንባዬ ይወርዳል፣ ልቅሶዬ ግን አይሰማም። እሳቸው ሲቀነጥሱት የነበረውን ጎመን መልሰው ጭናቸው ላይ አድርገው ቀጠሉ። እኔ አላወቅሁም ነበር፣ ይቅር ይበሉኝ አልኋቸው። ሌላ ቅጠል አነሱ። ያን ቀን የደበቁኝ እንዳላፍር አዝነውልኝ እንደ ሆነ ጠየቅሁ።

ጎመኑን ወደ ጎን አደረጉት።

«ለአንቺ ብዬ አይደለም፣ ልጄ» አሉኝ። «ደህና ነው ስልሽ፣ እስክንለያይ ድረስ እኔም አምኜው ነበር።»