«እርስዎ ይቅደሙ» በማዕበል መሃል

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት ነው። ሰው በጨዋነት ሊሞት እንደሚችል በዓይኔ ያየሁበት ቀን ስለሆነ እስካሁን አልረሳሁትም።

ሽማግሌ ወዳጃችንን ጋሽ ታደሰን ሐኪማቸው «በእግር ይሂዱ» ሲላቸው ሰፈር ውስጥ ዞር ዞር ማለት አነሳቸውና የውቅያኖሱን ዳርቻ የሚከተለውን ረጅም መንገድ መረጡ። በአንድ ጊዜ አይዘለቅም። ስለዚህ ቅዳሜ ሲመቸን ካቆምንበት እየቀጠልን ልንጨርሰው ተስማማን። አጃቢዎቹ ኦክላንድ ታክሲ የምነዳው እኔና ሳን ሆዜ አረጋውያን የምትንከባከበው ጓደኛችን ሰላም ነን። ተስማማን ስል እንግዲህ፣ እምቢ ያለ አልነበረም ማለቴ ነው።

የዚያን ቀን መንገዱ ከገደል ወርዶ አሸዋ ላይ ገባ። መግቢያው ላይ ትልቅ ማስታወቂያ ቆሟል፤ ውኃው ሲሞላ በዚህ ማለፍ አደገኛ ነው ይላል። ሦስታችንም አነበብነው። ሦስታችንም፣ እግዜር ይመስገን፣ እንግሊዝኛ እናውቃለን።

«ፕሮብሌም የለውም አይደል?» አሉ ጋሽ ታደሰ።

«ኧረ ምንም የለውም!» አልን። እሳቸውን «ይቅርብዎ» ማለት «አርጅተዋል» ማለት ይመስላል። ከዚያስ መስጠም ይሻላል።

ትንሽ እንደሄድን ውኃው ጫማችን ውስጥ ገባ። «ደስ ይላል፣ ያቀዘቅዛል» አለች ሰላም። ብዙም ሳይቆይ ጉልበታችን ደረሰ። የመጣንበት አሸዋ ጠፍቷል፣ ከጎናችን ቀጥ ያለ ገደል ነው፣ ዋና የሚችል ደግሞ ከመሃላችን የለም። አንድ ማዕበል ጋሽ ታደሰን ሲጥላቸው ጃኬታቸውን ይዤ ጎተትኳቸው። እንደዚያን ቀን ፈርቼ አላውቅም።

ከላይ ውሻዋን ይዛ የምትሄድ አንዲት ፈረንጅ አየችን። ገደሉ ዝቅ ያለበትን ቦታ በጣቷ አሳየችን፣ እዚያው በሆዷ ተኛችና እጇን ዘረጋች። «አንድ በአንድ! ቶሎ በሉ!» ብላ በእንግሊዝኛ ጮኸች።

እኛም ሥርዓታችንን ጀመርን።

«ጋሽዬ፣ እርስዎ ይቅደሙ» አለች ሰላም።

«በፍጹም! አንቺ ቅደሚ።»

«እርስዎ እያሉ? ኧረ ነውር ነው!»

«በሞቴ ውጪ!»

«በሞቴ» ሲሉ ውኃው ወገባቸው ላይ ነበር።

ሴትየዋ አማርኛ ባትሰማም ነገሩ ገባት መሰለኝ፣ ጋሽ ታደሰን ኮሌታቸውን አንቃ ሳበቻቸው። እኔ ከታች ገፋሁ። የተከበሩ ሽማግሌ እንደ ሻንጣ ተጭነው ወጡ። ሰላም ተከተለች፣ መጨረሻ ላይ እኔ።

ላይ ሆነን ስንንቀጠቀጥ ጋሽ ታደሰ «እኔ እኮ ማስታወቂያውን ሳየው መመለስ ፈልጌ ነበር፤ እናንተን ላለማስቀየም ብዬ ነው» አሉ። ሰላም ማልቀስ ጀመረች። ለካ እሷም እንደዚያው ነበረች። እኔም።

ከእንግዲህ ግልጽ እንሁን ብለን ተማምለን ተለያየን። በሳምንቱ ጋሽ ታደሰ ደወሉ።

«እንቀጥላለን አይደል?»

ያንን ውኃ ዳግመኛ ማየት አልፈልግም ነበር። «እንዴታ!» አልኳቸው። ሰላምን ኮል አደረግኳት፤ «በደስታ» አለች።

ይኸው እስከ ዛሬ እንሄዳለን። በሦስታችንም እናደዳለሁ፣ ፍርሃቱም አልለቀቀኝም። ቅዳሜ ጠዋት ጫማዬን ሳስር፣ ያቺ ሴት ውሻዋን ይዛ እንድትወጣ እጸልያለሁ።