የሁለተኛው ክፍል ካባ

ፊልም ቤት ስገባ የተዋናይ ፊት አላይም። ጨርቅ ነው የማየው። አብነት ሰፈር ከፋይ ጨርቅና ገበር እየሸጠ ያረጀ ሰው ዓይኑን ሌላ የት ሊጥለው ነው? ተዋናይዋ ስታለቅስ ሰው ሁሉ አብሯት ያለቅሳል፤ እኔ እጅጌዋ በእጅ ነው የተሰፋው በማሽን እያልኩ እከራከራለሁ፣ ከራሴ ጋር።

ያን የድሮ ቤተ መንግሥት ፊልም የወደድኩት ለዚህ ነው። የመጀመሪያውን ማለቴ ነው። ካባዎቹን የሰፋው ከሱቄ ሦስት በር አልፎ የሚሠራው ወዳጄ ነበር፤ ጨርቁም የእኔ። ንጉሡ ሲቀመጥ ካባው ትንሽ ቆይቶ ነው የሚቀመጠው። ከፋይ ማለት እሱ ነው።

ሁለተኛው ክፍል ሲወጣ የኮንዶሚኒየም ጎረቤቴ እሁድ ከምሳ በኋላ ይዞኝ ሄደ። ፍርድ ቤት ጸሐፊ ነው፤ የመጀመሪያውን አራት ጊዜ አይቶታል። ገና ፊልሙ ከመጀመሩ ነገሩ አላማረኝም። ንጉሡ ከፈረስ ወረደ፤ ካባው እንደ ፌስታል ወደ ላይ ተነሣ። ከፋይ አይበርም! ዞር ሲል ደግሞ ገበሩ ታየኝ፤ የመጋረጃ ጨርቅ። ትከሻው ላይ ያለው ወርቃማ ጌጥ በሙጫ ተለጥፎ አንድ ጠርዙ ተነሥቷል።

ጎረቤቴን በክርኔ ነካሁት። "አየኸው?"

"ዝም ይበሉ ጋሼ፣ ንጉሡ ሊናዘዝ ነው።"

"ሰፊውም ይናዘዛ!"

መጨረሻ ላይ ስሞቹ ሲያልፉ የወዳጄን ስም አየሁ። የልጄ የሠርግ ካባ ደግሞ እሱ እጅ ነው። ለብቻው ያስቀመጥኩትን ምርጥ ጥቁር ከፋይ ቆርጬ በራሴ እጅ ሰጥቼዋለሁ። ሠርጉ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ንጉሥን መጋረጃ ያለበሰ ሰው ለእኔ ልጅ ይራራል?

ውጪ ጎረቤቴ የራሱን ክስ ያሰማል። "በመጀመሪያው ንጉሡ ዝም ብሎ የሚያስበውን እናውቅ ነበር። አሁን የሚያስበውን ሁሉ ይናገራል፣ አናምነውም። ችሎት ፊት እንዲህ የሚያወራ ምስክር ውሸታም ነው ጋሼ።" አጠገባችን ሁለት ሴት ልጆች ፖስተሩ ሥር ፎቶ ይነሣሉ። "ካባው ሲያምር!" ይላሉ።

በማግስቱ ጠዋት ወዳጄ ጋ ገባሁ። "ካባውን አምጣ።"

"እንዴት አደርክ ቀረ?"

"አምጣ አልኩህ።"

ጥቅሉን አመጣ። የካባውን ፊት ሳላይ ውስጡን ገለበጥኩት። በእኛ ሰፈር የሰፊን ሥራ እፊቱ መገልበጥ ሌባ ብሎ ከመጥራት አይሻልም። ማሽኑን አቆመ። እኔ የእሱን ፊት ለማየት ጊዜ አልነበረኝም፤ እጄ ላይ ያለው ጨርቅ ቀላል ነው፣ ይብለጨለጫል፣ የፊልሙ ካባ መንታ ወንድም።

"ከፋዬ የት ገባ?"

ከመደርደሪያው ሌላ ጥቅል አወረደ። የእኔው ከፋይ፣ እኔ እንዳሰርኩት። መቀስ አልነካውም።

"ልጅህ መጥታ ነበር" አለ። "'ያኛው ይከብዳል፣ እንደ ሁለተኛው ፊልም አድርግልኝ፣ ለአባዬ እንዳትነግረው' አለችኝ።"

"እሺ እሷስ ልጅ ናት። ንጉሡንስ ማን መጋረጃ አልብስ አለህ?"

"ከፋይ ሰፍቼላቸው ፊልም ሠሪዎቹ መለሱብኝ። በመጀመሪያው ፊልም ንጉሡ ድሃ መሰለ፣ ካባው አያበራም ብለው ሰዎች አጉረምርመዋል አሉ።"

"የትኞቹ ሰዎች?"

"ልጅህ ናታ ሰዎቹ!"

አላመንኩትም። እዚያው ቆሜ ደወልኩላት። "አባዬ፣ ካባውን አየኸው? አያምርም?" አለች፣ በደስታ። ፊልሙን ከእጮኛዋ ጋር ሁለት ጊዜ አይታዋለች። ከእኔና ከጎረቤቴ በቀር ሰው ሁሉ ወዶታል ማለት ነው። "የማገባው እኔ ነኝ ወይስ አንተ?" ከማለቷ በፊት ስልኩን ዘጋሁ።

እንደገና የካባውን ጠርዝ በጣቴ ተከተልኩ። ሙጫ የለም። እያንዳንዱ ጌጥ በእጅ ተሰፍቷል፤ ክሩ የእኔው ሱቅ ክር ነው። ለዚያ ብልጭልጭ ያን ያህል መድከሙ አሳዘነኝ።

"ለፊልሙ ሙጫ፣ ለእሷ መርፌ?"

"ለፊልሙ ሦስት ቀን ነው የሰጡኝ። ልጅህን ደግሞ ከሕፃንነቷ ጀምሮ አውቃታለሁ።" ድምፁ ቀዝቅዟል። "በል ከፋይህን ውሰድ።"

ካባውን ፊቱን ወደ ውጪ መልሼ አጥፌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ጥፋተኛ ነኝ ለማለት አፌ እምቢ አለኝ። የከፋዩን ጥቅል ወደ እሱ ገፋሁት።

"አንተ ጋ ይቀመጥ። ለራስህ ኮት ስፋበት።"

ጥቅሉን አንሥቶ በእጁ መዘነው።

"ነገ መጥተህ ጎድሎ እንደሆነ ልትለካው አይደል?"

እሱ ራሱ ሳቀ፣ ማሽኑንም አስነሣ።