ጨው ቀማሿ

ሰቆጣ የጨው ከተማ ናት። ከአፋር በረሃ በግመልና በበቅሎ የሚመጣው አሞሌ እኛ ገበያ ላይ ነበር የሚራገፈው፤ ስለዚህ የሰቆጣ ሴት በሌላ በሌላው ብትታማም በጨው አትታማም። ወጧ ጨው ካነሰው ወይ ከበዛበት እስከሚቀጥለው በዓል ስሟ ሲነሣ ይከርማል። ችግሩ አሞሌ ሁሉ አንድ አለመሆኑ ነው። አንዱ ያቃጥላል፣ አንዱ ለዘብ ይላል፤ ተፈርፍሮ ድስት ውስጥ ከገባ በኋላ መጠኑን የሚያውቀው ምላስ ብቻ ነው።

የገና ዋዜማ ደግሞ ጾም ነው፤ ጋድ እንለዋለን። የገናው ዶሮ የሚሠራው በዚያው ቀን ስለሆነ ሠሪዋ መቅመስ አትችልም። እናም በየቤቱ ጨው ቀማሽ አለ፤ ሰባት ዓመት ያልሞላው፣ ጾም ያልደረሰበት ልጅ። በእኛ ቤት ቀማሿ ልጄ ነበረች።

መረቁን መዳፌ ላይ ጠብ አድርጌ እዘረጋላታለሁ። ዓይኗን ጨፍና፣ ትልቅ ነገር እንደሚፈርድ ሽማግሌ ታጣጥማለች። “ትንሽ ጨምሪ” ትለኛለች። ቢበቃም ባይበቃም አንድ ጊዜ ሳታስጨምር አትለቀኝም፤ ሁለተኛ ለመላስ ብላ እንደሆነ አላጣሁትም። በገናው ጧት አማቴ፣ የባለቤቴ እናት፣ የመጀመሪያውን ጎርሰው፣ “ጨዉ ልክ ነው፤ ማን ቀመሰው?” ይላሉ። እሷ ከመደቡ ዘላ ትወርድና “እኔ!” ትላለች። ሦስት ገና እንዲህ አለፈ።

በአራተኛው ዓመት፣ መስከረም ላይ፣ ኩፍኝ ገባ። ልጄ በታመመች በአምስተኛው ቀን ሞተች።

በቀብሯ ማግስት አማቴ፣ “ስሟን በዚህ ቤት የሚያነሣብኝ እንዳይኖር” አሉ። ቀሚሶቿን ጠቅልለው ሳጥን ውስጥ ቆለፉና ቁልፉን ማተባቸው ላይ ቋጠሩት። እንባ ሲወርዳቸው አላየሁም። “እግዜር ሰጠ፣ እግዜር ነሣ” ብለው ወደ ሥራቸው ሄዱ። ጠላኋቸው። ዛሬ ላይ ሆኜ ላሳምረው አልፈልግም፤ ከልቤ ነው የጠላኋቸው። እኔም ሆድ ይፍጀው ብዬ አፌን ዘጋሁ፤ ከእግዜርም ጋር ተኳረፍኩ። ቤተ ክርስቲያኑ በር ድረስ እሄድና ደጃፉን ስሜ እመለሳለሁ። መቁረቡንም ተውኩት።

ባለቤቴ ቄስ ናቸው። የቄስ ሚስት ከቁርባን ስትርቅ እንደ ሌላው ሴት በዋዛ አይታለፍም፤ “ቄሱ ቤት ምን ገባ?” ይባላል። ወሬው ጆሮዬ ደርሶ ነበር፤ እሳቸውም ጆሮ እንደደረሰ ከአበላላቸው አውቃለሁ። እሳቸው ግን አንድ ቀን አልወቀሱኝም። ቢወቅሱኝ ይሻለኝ ነበር።

ኅዳር ላይ የነፍስ አባታችን ጠሩኝና፣ “የነቢያትን ጾም በደንብ ጹሚ፤ በልደት ከባልሽ ጋር ትቆርቢያለሽ” አሉኝ። እሺ አልኩ። መጀመሪያ እሺ ያልኩት ለባለቤቴ ክብር ነው እንጂ ለእግዜር ብዬ አልነበረም። ጾሙ እየገፋ ሲሄድ ግን ነገሩ እኔኑ ያዘኝ። ከቆረብኩ ደረቴ ላይ የተቀመጠው ነገር የሚነሣ መሰለኝ። ቀን መቁጠር ጀመርኩ።

ጋድ ደረሰ። የባለቤቴ ወንድሞች ከነቤተሰቦቻቸው ከደሃና ወረዳ አህያ ጭነው መጥተዋል። ቤቱ ገና አልተለቀለቀም፣ ጠላው አልተጠለለም፣ ዳቦው ምጣድ ላይ ነው፣ የባለቤቴ ነጠላ ታጥቦ አልደረቀም። አማቴ ከጓሮ ሆነው ያዙኛል። ደኅና ሲሆኑ በአማርኛ ነው የሚያዙት፤ ሲናደዱ ወደ ኽምጣና ይዞራሉ። ያን ቀን ከረፋዱ ጀምሮ በኽምጣና ነበር። ከሌሊት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም። ውስጤ አንድም ጸሎት አልነበረም። “ይህ ነው እንግዲህ የጌታ ልደት” እያልኩ ሽንኩርቱን ሳይሆን ሰው የምከትፍ ይመስል እከትፍ ነበር።

ወደ ዘጠኝ ሰዓት ግድም ወጡ በሰለ። አሞሌውን ፈርፍሬ ጨመርኩ። መረቁን በማማሰያው ጨለፍ አድርጌ መዳፌ ላይ ጠብ አደረግኩና እጄን ወደ በሩ ዘረጋሁ።

“ነይ፣ ቅመሺልኝ!” ብዬ በስሟ ጠራኋት።

እጄ እንደተዘረጋ ቆየ። የሚመጣ የለም። መረቁ በጣቶቼ መሃል ሊንጠባጠብ ሲል እጄን ወደ አፌ መልሼ ላስኩት። ጨዉ ልክ ነበር። ልክ መሆኑን ካወቅኩ በኋላ ነው ምን እንዳደረግኩ የገባኝ።

አርባ ሦስት ቀን ጾሜ፣ ሊፈታ አንድ ሌሊት ሲቀረው በጠብታ መረቅ ሻርኩት። አመል ያወጣል ከመሃል ይባላል። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች የሚባልላትም የቄስ ሚስት ትሁን አትሁን አላውቅም፤ እኔን ግን ትበልጠኛለች፤ እሷ ያጠበችው ወረቀት ነው። ማንም አላየኝም። አፌን ጠርጌ፣ ነገ ነጭ ለብሼ ከባለቤቴ ኋላ ብቆም የሚያውቅብኝ አልነበረም። ይህንን ሐሳብ ትንሽ አብሬው ተቀምጬበታለሁ፤ አልዋሽም። ከዚያ እጄን ታጠብኩና ወጣሁ።

የነፍስ አባታችን ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው የከበሮ ጠፍር ያጠብቃሉ። እግራቸው ሥር ወደቅኩ።

“ጾሙን ሻርኩ፣ አባቴ። ወጥ ቀመስኩ።”

“ረሃብ አሸንፎሽ ነው?”

“አይደለም። ልጄን እንድትቀምስልኝ ጠራኋት። አልመጣችም።”

ጠፍሩን ለቀቁት።

“ነገ አትቆርቢም” አሉ፤ “ሕግ ነው፤ ላንቺ ብዬ አላጣምመውም። ለጥምቀት ያድርስሽ። እስከዚያ በየቀኑ አርባ አርባ ስገጂ።” ልሄድ ስነሣ መልሰው ጠሩኝ። “ሌላም ቀኖና አለብሽ። ከእንግዲህ ስለሷ የጠየቀሽ ካለ ዝም አትበዪ። ዝምታሽን እኔም ከዚህ ሆኜ እሰማው ነበር።”

ስግደቱን ወደድኩት፤ ሁለተኛውን አልወደድኩትም። በእኛ ቤት ማን ሊጠይቀኝ?

ቅዳሴው ሲቀደስ ውጭ፣ ከልጄ ትንሽ መቃብር ድንጋይ አጠገብ ቆምኩ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ከውስጥ ባለቤቴ ሲቀድሱ ይሰማኛል፤ ድምፃቸው አንድ ሁለቴ ተሰናከለ፤ ቦታዬ ባዶ መሆኑን አይተው ይሁን አላውቅም። ለቁርባን ሲጠራ ሴቶቹ እያዩኝ አለፉ። እኔ ግን ከመስከረም ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከእግዜር ጋር ተነጋገርኩ። ጸሎት ልለው አልችልም፤ ወቀሳ ነበር። “ጨው እንኳ የሚቀምስልኝ አሳጣኸኝ” አልኩት። ብዙ ብዙ አልኩት፤ አለቀስኩም። ስጨርስ ደረቴ ላይ ያለው ነገር አልተነሣም፤ ግን መተንፈስ ቻልኩ።

ቤት ገብተን መሶቡ ቀረበ። እንግዶቹ ዙሪያውን ተቀመጡ። አማቴ ባርከው የመጀመሪያውን ጎረሱ፤ አላምጠው ዋጡ።

“ጨዉ ልክ ነው” አሉ። “ማን ቀመሰው?”

ሁለተኛው ጉርሻ እጃቸው ላይ ቀረ። ባለቤቴ አንገታቸውን ደፉ። ከደሃና የመጡት ቀማሿ ማን እንደነበረች ስለማያውቁ ይጎርሳሉ። ብተወው ይታለፍ ነበር፤ ስንት ነገር እንዲሁ አልፈን የለም? ግን ቀኖናዬ በእንጀራ ፊት መጥቶ ተቀምጧል።

“እሷን ጠራኋት” አልኩ፤ ስሟን ጠራሁ። “ሳትመጣ ስትቀር ራሴ ቀመስኩት፣ እማማ። ዛሬ ያልቆረብኩት ለዚያ ነው።”

አማቴ በሩን አዩ። በሩ ክፍት ነበር፤ የሚገባ አልነበረም።

“እኔም እኮ አሁን ጠራኋት” አሉ።

የያዙትን መሶቡ ላይ መለሱና በዚያ ሁሉ እንግዳ ፊት አለቀሱ፤ ድምፅ አውጥተው፣ እንደ ልጅ። ከዚያ ማተባቸውን ከደረታቸው ስበው የሳጥኑን ቁልፍ ሊፈቱ ይታገሉ ጀመር። ጣታቸው በወጥ ስለረጠበ፣ ዓይናቸውም ስለማያይ ቋጠሮው እምቢ አላቸው። ተነሥቼ ሄድኩና ፈታሁላቸው።