«ተለውጧል» የተባለው ድንጋይ

ይህ ጉዞ ሦስት ቀን፣ ሁለት ሺህ ስምንት መቶ ብርና አንድ ደህና ጫማ ፈጅቶብኛል። ያስነሳኝ ድንጋይ ነው። አሥራ አንድ ዓመት በርበሬ የምረከባቸው የጫግኒው ገበሬ ጋሽ አወቀ ጉድጓድ ሲያስቆፍሩ ቢጫ ብልጭታ ያለበት አረንጓዴማ ድንጋይ አግኝተው ገበያ ላይ አሳዩኝ። በሳምንቱ ደግሞ አንዱን በጆንያ ጠቅልለው «አዋቂ አሳይልኝ፤ ከተገኘበት ግማሽ ለግማሽ ነን» ብለው ላኩልኝ።

ማክሰኞ፣ እንጅባራ

ከዳንግላ የሚኒባሱ ረዳት «ሞልቷል፣ ቆሰበር!» እያለ፣ እንጅባራን በድሮ ስሟ እየጠራ፣ አንድ ሰዓት ተኩል አቆመን። ብርዱን ችዬ ዩኒቨርሲቲው በር ስደርስ ጥበቃው ጆንያዬን ዳበሰ።

«ምንድን ነው?»

«ድንጋይ።»

«ድንጋይ ይዘህ ግቢ ልትገባ?»

ግማሽ ሰዓት ተሟገትን። በመጨረሻ አንዲት የጂኦሎጂ መምህርት መጥታ አስገባችኝ። ድንጋዩን በመዶሻ ፈልጣ አየችው።

«ጋሼ፣ ይኼ ተለውጧል።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ያለ ጥርጥር! የነበረው ወጥቶ በምትኩ ሌላ ገብቷል።»

ከዚያ በኋላ ያለችውን አልሰማሁም። ደሜ ፈልቶ ወጣሁ።

ረቡዕ፣ ጫግኒ

አውቶቡሱ ወደ ቆላው ቁልቁል ሲወርድ ጃኬቴን አወለቅሁ፤ ማሳው ጭቃ ውስጥ ደግሞ ጫማዬ ቀረ። ጎረቤት በተሰበሰበበት «ጋሽ አወቀ፣ ጥሩውን አስቀርተው ለውጠው ላኩብኝ?» አልኳቸው።

ክንዴን ይዘው ጉድጓዱ አፍ ላይ አቆሙኝ። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ያው አረንጓዴማ ድንጋይ ነው፤ ያው ቢጫ ብልጭታ።

«ይኼን ሁሉ የለወጥኩት እኔ ነኝ?»

ጎረቤቱ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም።

ሐሙስ፣ እንደገና እንጅባራ

የሆነውን ስነግራት መምህርቷ ጠረጴዛዋን ይዛ ሳቀች። «የለወጠው ሙቅ ውሃ ነው፣ ጋሼ! ጥንት ከሥር እየፈላ በእሳተ ገሞራው ድንጋይ ውስጥ ሲያልፍ ሶዲየሙን አጥቦ ማግኒዥየም ተወበት። ብልጭልጩ ብረትና ድኝ ነው፤ ወርቅ አይደለም።»

«እንግዲያ ዋጋ የለውም?»

«አለው እንጂ! ይኼ ውሃው ያለፈበት ጉሮሮ ነው፤ መዳብና ዚንክ የሚከማቸው ውሃው በወጣበት አፍ ነው። መሬቱ በዘመናት ስላዘነበለ አፉ ከጎን ሊሆን ይችላል። በየሃምሳ እርምጃው ድንጋይ አንስተን ብንመረምር፣ ሶዲየሙ እያነሰ የሚሄድበት አቅጣጫ ይመራን ይሆናል። ባለመሬቱ ይፍቀዱልን እንጂ።»

ወዲያው ስልክ ደወልኩ፤ ኔትወርኩ በሦስተኛው ያዘልኝ። «ጋሽ አወቀ፣ ከአጠገባችን መዳብ ሊኖር ይችላል!»

«ከማን አጠገብ?»

«ከእኛ።»

«ልጅቱ ትምጣ፣ ትመርምር። አንተ ግን ደጄን እንዳትረግጥ። በርበሬውንም ትናንት ማታ ለሌላ ነጋዴ ሰጥቻለሁ።»

አመሻሽ ላይ ዳንግላ ገባሁ። የተማረ ሰው ሲናገር እስኪጨርስ መጠበቅ በነፃ ነው፤ ይህን ለመማር ጫግኒ ድረስ መውረድ አያስፈልግም ነበር።

ከመዳቡ ድርሻዬ ዜሮ። ከበርበሬውም ዜሮ።